ጣሊያን በ1896ም በ1935ም የዘመተችበት ትክክለኛ ምክንያት ምን ነበር? የገዛ ሕዝቧ ተቃውሞስ አንዴ ሠርቶ አንዴ ለምን ከሸፈ?

መዝገብ ቤት ጻፈ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ዓድዋና ስለ ማይጨው ስንጽፍ ሁልጊዜ ከእኛ በኩል እንጀምራለን፤ ክተት ከታወጀበት፣ ነጋሪት ከተጎሰመበት። በዚህ ክር ላይ ፊታችንን ወደ ሮም እናዙርና ሁለት ነገር እንመርምር። የጣሊያን መንግሥት ለሕዝቡ ከነገረው ሰበብ ሥር የነበረው ትክክለኛ ምክንያት ምንድን ነው? ደግሞስ በ1896 አደባባይ ወጥቶ መንግሥት የጣለው ሕዝብ በ1935 ጉልበቱ የት ገባ? ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

መመርመሪያዬ ቀንን ከቀን ማስተያየት ነው። ሰበቡ የተፈጠረበትን ቀንና ውሳኔው የተወሰነበትን ቀን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ውሳኔው ከቀደመ፣ ሰበቡ ሽፋን ነው። ከዚያ ደግሞ ሰበቡ በሽምግልና ሲፈታ ጦርነቱ ቀርቷል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ወልወልን በዚህ እንፈትነው። ግጭቱ የደረሰው ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ ዲሴምበር 5 ቀን 1934 ነው። ወልወል ከድንበሩ ወደ ኢትዮጵያ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ገብቶ የሚገኝ የውሃ ጉድጓድ ነው። የእንግሊዝና የኢትዮጵያ የወሰን ኮሚሽን እዚያ ሲደርስ የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች ጉድጓዶቹን ይዘው አገኛቸው። በተኩሱ ከእኛ ወገን ከ100 በላይ ሰው አለቀ። ካሳ ጠያቂዋ ግን ሮም ሆነች፦ 200,000 ማርያ ቴሬዛ ብር፣ በዚያ ላይ የሐረር ገዥ ወልወል ድረስ ሄደው ይቅርታ እንዲጠይቁና ባንዲራዋ ሰላምታ እንዲሰጠው። በ1928 የተፈረመው የወዳጅነት ውል ጠብ ሲነሳ በሽምግልና ይታይ ይላል። ኢትዮጵያ ውሉን ጠቅሳ ዳኛ ስትጠይቅ ሮም አልቀበልም አለች።

ግጭቱ በሆነ በ25ኛው ቀን፣ ዲሴምበር 30፣ ሙሶሊኒ ለጥቂት ሹማምንት ብቻ የታደለ ምስጢራዊ መመሪያ ጻፈ። ዓላማው የኢትዮጵያን ጦር መደምሰስና አገሪቱን ሙሉ በሙሉ መያዝ እንደሆነ በግልጽ ሰፍሯል። ስለ ወልወል ካሳ የሚጨነቅ ሰነድ አይደለም። ሐሳቡ ከዚያም ይቀድማል፤ የቅኝ ግዛት ሚኒስትር የነበረው ኤሚልዮ ደ ቦኖ ራሱ ከጦርነቱ በኋላ እንደጻፈው፣ ነገሩ ከ1936 ሳያልፍ መፈጸም እንዳለበት ከሙሶሊኒ ጋር የተነጋገሩት በ1933 ነው። ወልወል ላይ ጥይት ከመተኮሱ ከአንድ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ማለት ነው።

ሰበቡስ ሲፈታ? የሽምግልናው ኮሚሽን ሴፕቴምበር 3 ቀን 1935 በወልወል ጉዳይ ሁለቱም መንግሥታት ተጠያቂ አይደሉም ብሎ ወሰነ። ልክ በወሩ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ጦሩ መረብን ተሻገረ።

ሐረግ ጻፈች፦

ወንድም መዝገብ ቤት፣ የቀኑ ስሌት አሳማኝ ነው። ነገር ግን ሽፋኑን መግለጥ አንድ ነገር ነው፣ ሥሩን ማሳየት ሌላ። እኛ ዘንድ የሚነገረው ሁለት ነው፦ አንድም የዓድዋን ቂም ሊወጡ መጡ፣ አንድም ለደሃ ገበሬያቸው መሬት ፈለጉ። ከሁለቱ የትኛው ያመዝናል? ወይስ ሁለቱም ሽፋን ናቸው?

አጤሬራ ጻፈ፦

የመሬቱን ነገር እኔ ልውሰደው፤ ምክንያቱም በቁጥር ሊመረመር የሚችለው እሱ ነው።

መሬት ለገበሬ የሚለው ተስፋ ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ሁለት ጊዜ ወድቋል። የመጀመሪያው በ1890ዎቹ መጀመሪያ ኤርትራ ላይ ነው። ሊዮፖልዶ ፍራንኬቲ የሚባል የምክር ቤት አባል የደጋውን መሬት ለጣሊያን ሰፋሪዎች እንዲያመቻች ተሾመ። አሠራሩ እንዲህ ነበር፦ የሰው ርስት የሆነውን፣ በድርቅና በክፉ ቀን ባለቤቱ ለጊዜው የለቀቀውን መሬት «ባዶ» ብሎ መመዝገብ፣ ወደ መንግሥት ማዞር፣ ከዚያ ለሰፋሪ ማደል። በጥቂት ዓመት ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሄክታር በወረቀት ተወሰደ። የመጡት ሰፋሪዎች ግን ጥቂት ቤተሰብ ብቻ ነበሩ። ስህተቱ የተፈጠረው «ባዶ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ደጋው ላይ ያልታረሰ መሬት ማለት ባለቤት የሌለው መሬት ማለት አይደለም፤ ያደረ መሬት አለ፣ የግጦሽ መሬት አለ፣ የተሰደደ ባለርስት ተመልሶ የሚጠይቀው አለ። ደጃዝማች ባህታ ሐጎስ በዲሴምበር 1894 ሰገነይቲ ላይ የጣሊያኑን ሹም አስረው የተነሱት በዚህ የተነሳ ነው። እሳቸው በጥቂት ቀን ውስጥ ተገደሉ፤ ነገሩ ግን ከትግራይ ጋር ወደ ጦርነት አመራ።

ሁለተኛው ከ1936 በኋላ ነው። ለቀድሞ ወታደሮች ሆለታና ቢሾፍቱ ላይ እርሻ ተከፈተ፤ ጨርጨር ለፑሊያ ሰዎች፣ ወገራ ለሮማኛ ሰዎች፣ ጅማ ለቬኔቶ ሰዎች ተብሎ ተደለደለ። ስለሚሊዮን ሰፋሪ ሲወራ ቆይቶ አምስቱ ዓመት ሲያልቅ በገበሬነት የሰፈረው ከጥቂት ሺህ አላለፈም። የበዛው ገንዘብ መንገድ ላይ ፈሰሰ፤ ቅኝ ግዛቱ ስንዴ ወደ ጣሊያን ሊልክ ቀርቶ ለራሱ የሚበላውን ከውጭ ያስገባ ነበር። አርበኛው መንገዱን እየቆረጠ ማን እርሻ ይከፍታል?

ስለዚህ መሬት ለገበሬው የተነገረ ተስፋ ነው። የዲሴምበር 30ን መመሪያ አንብቡት፤ ክርክሩ በጊዜ ላይ ያጠነጠነ ነው። ኢትዮጵያ በዘመናዊ መሣሪያና በሥልጠና እየተጠናከረች ስለሆነ ጊዜው ከእኛ ጋር አይደለም፤ አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ጀርመን ገና አልጠነከረችምና ለሁለት ዓመት ያህል እጃችን ነፃ ነው፤ ስለዚህ በፍጥነት ይለቅ። ይህ ዕድል ሳያልፍ ግዛት ልንጠቅ የሚል መንግሥት ስሌት ነው።

አሁን የአገር ቤቱን ኪስ ጨምሩበት። ሙሶሊኒ ከ1926 ጀምሮ አንድ ፓውንድ በ90 ሊሬ ይመንዘር ብሎ የገንዘቡን ዋጋ በክብር ጉዳይ አስሮ ይዞ ነበር። የዓለም ኢኮኖሚ ሲወድቅ ይህ ጥብቅነት ኤክስፖርቱን አነቀው፤ ባንኮቹ ተንገዳገዱና መንግሥት በጃንዋሪ 1933 ኢሪ የሚባል ተቋም መሥርቶ ኪሳራቸውን ተሸከመ። ሥራ ፈቱ በዛ። ለአሥር ዓመት «ታላቅ እናደርጋችኋለን» ሲል የኖረ መንግሥት በእጁ የሚያሳየው ነገር አልነበረውም። ጦርነቱ ይህን ክፍተት ሞላለት፤ ለፋብሪካው ትእዛዝ፣ ለሥራ ፈቱ ዩኒፎርም፣ ለሬዲዮው የድል ወሬ። ዋጋው በኋላ መጣ፤ ኦክቶበር 1936 ሊሬ ከዋጋው 41 በመቶ ያህሉን አጣ።

መዝገብ ቤት ጻፈ፦

ስለ ቂሙ ልጨምር፣ እህት ሐረግ። የዓድዋ ቂም እውነት ነበር፤ የዓድዋ ከተማ በኦክቶበር 6 ሲያዝ ሮም ላይ የነበረውን ደስታ ያየ አይክደውም። ግን ቂም ብቻውን ቢያዘምት ኖሮ ከ1896 እስከ 1935 ያሉት 39 ዓመታት ምን ሆኑ? በመካከሉ ጣሊያን ሊቢያን ወርራለች፣ የዓለም ጦርነት ተዋግታለች፤ ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን ድምፅዋን ሰጥታለች፣ በ1928 ደግሞ የ20 ዓመት የወዳጅነት ውል ፈርማለች። ቂሙ ሁሉ ጊዜ ነበረ፤ የቀሰቀሰው ግን ቀስቃሽ ያስፈለገው መንግሥት ነው።

ለመጀመሪያውም ጦርነት ይኸው ነው። የጠቅላይ ሚኒስትሩን የፍራንቼስኮ ክሪስፒን ሁለተኛ ዘመን ቀን በቀን ተመልከቱ። ዲሴምበር 1893 ሥልጣን ያዘ። ጃንዋሪ 1894 የሲሲሊያ ገበሬዎች «ፋሺ» በሚባሉ ማኅበሮቻቸው ተነስተው ስለነበር በወታደራዊ ሕግ ደፈጠጣቸው። በዚያው ዓመት መኸር የሶሻሊስት ፓርቲውን በተነ። ዲሴምበር 1894 ከእሱ በፊት ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ጆሊቲ የሮም ባንክን ቅሌት የሚመለከቱ ወረቀቶች በፖስታ አሽጎ ለምክር ቤቱ አቀረበ፤ ወረቀቶቹ የክሪስፒን የራሱን ዕዳ ይነካሉ። ክሪስፒ ምክር ቤቱን ዘጋው። በዚያው ወር ባህታ ሐጎስ ተነሱ፤ ጃንዋሪ 1895 የኤርትራው የጣሊያን ገዥና የጦር አዛዥ ባራቲየሪ ኮአቲትና ሰንዓፈ ላይ ራስ መንገሻን ተዋጋ። ወሬው ሮም ሲደርስ ስለ ባንኩ የሚያወራ ጋዜጣ ስለ አፍሪካ ድል ማውራት ጀመረ፤ ክሪስፒ በዚህ ሞቅታ በግንቦት ምርጫ አድርጎ አሸነፈ። ዘመቻው የተፀነሰው ቅሌት ለመሸፈን ብቻ ነው አልልም፤ የቅኝ ግዛት ምኞቱ ከዚያ በፊት የነበረ ነው። ነገር ግን ለማቆም እንዳይችል ያደረገው የቤቱ ጉዳይ ነው።

ሐረግ ጻፈች፦

እሺ፣ አሁን ወደ ተቃውሞው እንሂድ። የፓቪያ ሴቶች የባቡር ሐዲድ ነቀሉ የሚባለው እውነት ነው? ደግሞስ ጥቂት ሰልፈኛ እንዴት ጦርነት ያስቆማል?

ቀስተ ደመና ጻፈ፦

እውነት ነው፤ ግን ሐዲዱ የነገሩ መጨረሻ ነው። ተቃውሞው የተገነባው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ጀምሮ ነው።

ጃንዋሪ 26 ቀን 1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደ ክሪስቶፎሪስን ጦር ደመሰሱት። ሮም ላይ ያለው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ እስከ ዛሬ «የአምስት መቶዎቹ» የሚባለው በእነሱ ስም ነው። መንግሥት ወዲያው ለተጨማሪ ጦር 5 ሚሊዮን ሊሬ ይፈቀድልኝ ብሎ ምክር ቤት ገባ። ሶሻሊስቱ አንድሬያ ኮስታ ተነስቶ ለአፍሪካ «አንድም ሰው፣ አንድም ሳንቲም» አንሰጥም አለ። ድምፁን ተሸነፈ፤ ቃሉ ግን የመላ ተቃዋሚው መፈክር ሆኖ ቀረ። አስተውሉ፣ ኮስታ የያዘው የጦርነቱን ሁለት መጋቢዎች ነው። ሰው የሚመጣው ከምልመላ ነው፣ ሳንቲም የሚመጣው ከምክር ቤት ነው። በሁለቱም በኩል ጣሊያናዊው እጁ ይደርስ ነበር።

በ1895 ተቃዋሚው አንድ ዓይነት ሰው አልነበረም። ሶሻሊስቶች ነበሩ፣ እንደ ካቫሎቲ ያሉ ራዲካሎች ነበሩ፣ ካቶሊኮች ነበሩ፤ ከሁሉም ይበልጥ መንግሥትን ያስጨነቁት ግን የሚላኖ ነጋዴዎችና ፋብሪካ ባለቤቶች ናቸው። እነዚህ የጦርነቱ ግብር በእኛ ላይ ይወድቃል፣ ትርፉ ግን የለም ብለው በጋዜጦቻቸው ይሞግቱ ነበር። የገንዘብ ሚኒስትሩ ሶኒኖም ከካቢኔው ውስጥ ሆኖ ገንዘቡን ጠበቅ አድርጎ ይዟል። አምባላጌ ላይ በዲሴምበር 7 የቶዜሊ ጦር ካለቀ በኋላ ምክር ቤቱ 20 ሚሊዮን ሊሬ ፈቀደ፤ ከዚያ በላይ ለመጠየቅ ድል ያስፈልግ ነበር።

ይህ የበጀት ጭንቀት ጦር ሜዳ ድረስ ወርዷል። ሙሉ ክፍለ ጦር ከአገር ቤት ነቅሎ መላክ ፖለቲካዊ ወጪው ከባድ ስለነበር፣ ለአፍሪካ የሚሄደው ሻለቃ ከተለያዩ ሬጅመንቶች ሰው እየተቀነሰ ይሰፋ ነበር። ወታደሩ አዛዡን አያውቅም፣ ጎኑ ያለውን ጓደኛውን አያውቅም። ጥይቱ ከቅኝ ግዛቱ ክምችት ጋር እንዲገጥም ተብሎ አዲሱን ጠመንጃ አስረክቦ አሮጌውን ቬተርሊ ተቀበለ። የዓድዋ ጠዋት እነዚህ ሰዎች ናቸው በማያውቁት ተራራ ውስጥ በሌሊት የተጓዙት።

ፌብሩዋሪ 25 ክሪስፒ ለባራቲየሪ «ይህ ጦርነት አይደለም፣ የሠራዊት የሳንባ ነቀርሳ ነው» የሚል ቴሌግራም ላከ። ምክር ቤቱ በማርች መጀመሪያ ሊከፈት ነው፤ ክሪስፒ ባዶ እጁን መግባት አልፈለገም። ባራቲየሪ ያለው ስንቅ የቀናት ብቻ ነበር። አራቱን ጄኔራሎቹን ሰብስቦ ሲያማክር ወደኋላ እንመለስ የሚል ጠፋ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከ17,000 በላይ ሰውና 56 መድፍ ይዞ ገጠመ፤ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ወሬው ሲደርስ ሮም፣ ሚላኖና ሌሎች ከተሞች ሕዝብ አደባባይ ወጣ። «ቪቫ ምኒልክ!» የሚል ጩኸት ተሰማ፤ ፓቪያ ላይ ሴቶች ጭምር ሆነው ወታደር የጫነ ባቡር እንዳይወጣ ሐዲድ አበላሹ። ግን ሰልፉ የሠራው ምክር ቤቱ ክፍት ስለነበር ነው። ክሪስፒ ማርች 5 ምክር ቤት ቀርቦ ሥልጣን ለቀቀ፤ ተተኪው ዲ ሩዲኒ ትግራይን የመያዝ ሐሳብ ተወ፤ ኦክቶበር 26 ቀን 1896 አዲስ አበባ ላይ የውጫሌ ውል መፍረሱን ጣሊያን በፊርማዋ አረጋገጠች። የጎዳናው ቁጣ ወደ ምክር ቤት ወንበር፣ ከወንበሩ ወደ በጀት፣ ከበጀቱ ወደ ውል የሚያደርስ መንገድ ነበረው።

የጨው መንገድ ጻፈ፦

ቀስተ ደመና ያለውን ይዤ ስለ 1935 ልቀጥል፤ ምክንያቱም የተዘጋው ያ መንገድ ነው። አንድ በአንድ ነው የተዘጋው።

ጁን 1924 የምርጫውን ማጭበርበር በምክር ቤት ያጋለጠው ሶሻሊስቱ ማቴኦቲ ተገደለ። በ1926 ተቃዋሚ ፓርቲና ነፃ ጋዜጣ በሕግ ተከለከለ፤ ለመንግሥት ጠላቶች ልዩ ፍርድ ቤት ተቋቋመ። በ1934 «ምርጫ» የተባለው አንድ የስም ዝርዝር አቅርቦ አዎ ወይም አይደለም ማስባል ነበር፤ ከ99 በመቶ በላይ አዎ ተባለ። ስለዚህ በ1935 እንደ ኮስታ ተነስቶ «አንድም ሳንቲም» የሚል ተመራጭ የለም፤ ገንዘቡ በአዋጅ ይወጣል። የሚላኖ ነጋዴ ግብሩን ቢጠላ የሚጽፍበት ጋዜጣ የለውም።

ዲሴምበር 18 ቀን 1935 ምን እንደሆነ በቅርብ እንይ። «የቀለበት ቀን» ተባለ። ሮም መሐል ባለው የአባት አገር መታሰቢያ ደረጃ ላይ እሳት የሚነድበት ዕቃ ተቀመጠ። ንግሥት ኤሌና ቀድማ የጋብቻ ቀለበቷን ጣለች፤ ከኋላዋ የወታደር እናቶችና ሚስቶች ተሰለፉ። ወርቁን የሰጠች ሴት በምትኩ የብረት ቀለበት ትቀበላለች። በአገሪቱ በሙሉ ከ30 ቶን በላይ ወርቅ ተሰበሰበ። ወርቁ ለግምጃ ቤቱ የጠቀመው ጥቂት ነው፤ ዋናው ጥቅም ሌላ ነው። የብረት ቀለበት ጣቷ ላይ የሌለባት ሴት ጎረቤት ፊት ትታያለች። ተቃዋሚ ማን እንደሆነ በጣት መለየት ተቻለ። ፋሺዝምን የሚጠላው ፈላስፋ ቤኔዴቶ ክሮቼ እንኳ የሴናተርነት ሜዳሊያውን አስረክቧል።

ተቃውሞ አልነበረም ማለት ግን ስህተት ነው። ወደ ስደት ተሻግሮ ነበር። ኦክቶበር 1935 ብራስልስ ላይ በስደት ያሉ ጣሊያናውያን ጦርነቱን የሚያወግዝ ጉባኤ አደረጉ። ፓሪስ የነበሩት እነ ካርሎ ሮሴሊ በጋዜጣቸው ሲቃወሙ ቆዩ፤ ሮሴሊ በ1937 ፈረንሳይ ውስጥ ተገደለ። ኢልዮ ባሮንቲኒ የሚባለው ኮሚኒስት ደግሞ በ1938 መገባደጃ ከሁለት ጓዶቹ ጋር በሱዳን በኩል ጎጃም ገብቶ ከአርበኞች ጋር ሆኖ አሠለጠነ፣ ጋዜጣ አሳተመ። ይህን ስም በአገራችን ጥቂት ሰው ነው የሚያውቀው፤ ሊታወቅ ይገባል።

ሐረግ ጻፈች፦

የጨው መንገድ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ነገር ግን ቀለበቱን በግድ ብቻ ነው የሰጡት ማለት ይከብደኛል። ማዕቀቡ ራሱ ሕዝቡን ከሙሶሊኒ ጎን አላሰለፈውም?

አጤሬራ ጻፈ፦

አሰልፏል፤ ይህ የማዕቀቡ አሠራር ስህተት ነው። ሕዝቡን የሚያስቆጣ፣ ታንኩን ግን የማያቆም ማዕቀብ ነበር።

ማኅበሩ ኦክቶበር 7 ጣሊያን ወራሪ ናት ብሎ ወሰነ፤ ማዕቀቡ የጀመረው ኖቬምበር 18 ነው። ከዝርዝሩ ውስጥ የገባው፦ የጦር መሣሪያ፣ ብድር፣ ከጣሊያን የሚመጣ ሸቀጥ ሁሉ፣ ወደ ጣሊያን ከሚሄደው ደግሞ ጎማ፣ ቆርቆሮ፣ በቅሎና ግመልን የመሳሰለ የጭነት እንስሳ። ያልገባው፦ ነዳጅ፣ የድንጋይ ከሰል፣ ብረት። በመኪናና በአውሮፕላን ለሚዋጋ ጦር በቅሎ ከልክሎ ቤንዚን መሸጥ ማለት ነው። የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም፤ የጦር መርከቡ፣ የመርዝ ጋዙ ሳይቀር፣ ቀረጡን እየከፈለ አለፈ። የሂትለር አስተርጓሚ ሽሚት እንደመሰከረው፣ ሙሶሊኒ በ1938 ሙኒክ ላይ ማዕቀቡ ነዳጅን ቢጨምር ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ መውጣት ይኖርብኝ ነበር ብሏል።

በሌላ በኩል እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም ብለው ነበር። ጣሊያን መሣሪያ ታመርታለች፣ ኢትዮጵያ አታመርትም። እኩል የሚመስለው ክልከላ በአንድ ወገን ላይ ብቻ ወደቀ። የሚገርመው፣ በዚያ ሰዓት በድብቅ ጠመንጃና ጥይት የላከልን ሂትለር ነው። ለእኛ አዝኖ አይደለም፤ ሙሶሊኒ አፍሪካ ውስጥ ተይዞ ቢቆይ ኦስትሪያ ላይ እጁ ይፈታ ስለነበር ነው። የመንግሥታትን ምክንያት ስንፈልግ የረዳንንም በዚሁ ሚዛን መመዘን አለብን።

ቀስተ ደመና ጻፈ፦

የእንግሊዝ ሕዝብ ነገር አብሮ ይታይ፤ እዚያ ምክር ቤትና ጋዜጣ ክፍት ነበርና።

በጁን 1935 ውጤቱ የታወቀው «የሰላም ድምፅ» የሚባለው የቤት ለቤት መጠይቅ 11.6 ሚሊዮን ሰው መለሰው። ወራሪን በኢኮኖሚ ማስቆም ይገባል ያለው ከ10 ሚሊዮን በላይ ነው፤ ካስፈለገ በጦር ያለው ከ6.7 ሚሊዮን በላይ ነው። መንግሥት ይህን አይቶ በኖቬምበሩ ምርጫ ከማኅበሩ ጎን ነን ብሎ ተወዳደረና አሸነፈ። በውስጥ ግን በጁን የቀረበ፣ በማፊ የተመራ ኮሚቴ ሪፖርት ነበር፤ ጣናንና የዓባይን ውሃ ካልነኩብን በቀር እንግሊዝ ኢትዮጵያ ውስጥ የምትዋጋለት ጥቅም የላትም ይላል። ሪፖርቱ በሰላዮች በኩል ሮም ደርሶ በፌብሩዋሪ 1936 በጣሊያን ጋዜጣ ታተመ። ሙሶሊኒ የእንግሊዝን የመድረክ ንግግር ሳይሆን የውስጥ ሰነዱን አንብቦ ነው የደፈረው።

ዲሴምበር ላይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሆር ከፈረንሳዩ ላቫል ጋር የኢትዮጵያን ሰፊ ክፍል ለጣሊያን የሚቆርስ ዕቅድ ፈረመ። በፓሪስ ጋዜጦች ሾለከ፤ የእንግሊዝ መራጭ ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ ለተመራጩ አጎረፈ። ሆር ዲሴምበር 18 ለቀቀ። ሮም ላይ ቀለበት በሚሰበሰብበት በዚያው ቀን መሆኑ ነው። ግን እዚህ ላይ ተቃውሞው ቆመ። ሚኒስትሩን አስወገደ፤ ነዳጁን አላስዘጋም። ቁጣው ያነጣጠረው በሰውየውና በወረቀቱ ላይ ነበር፤ ሁለቱ ሲነሱ ሕዝቡ ያሸነፈ መሰለውና ወደ ቤቱ ገባ። ማዕቀቡ ላይ ነዳጅ ይጨመር የሚለው ጥያቄ ከኮሚቴ ወደ ኮሚቴ ሲንከባለል ማይጨው ደረሰ።

የበለጠ ጸንተው የቆዩት መንግሥት ያልነበራቸው ናቸው። ደርባንና ኬፕታውን ላይ ጥቁር የወደብ ሠራተኞች ለጣሊያን ጦር የሚሄድ ዕቃ አንጭንም አሉ። የኒውዮርክ ጥቁሮች ሰፈር በሆነው ሃርለም ላይ ኦገስት 1935 በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተሰለፈ፤ ለመዝመት የተመዘገቡትን የአሜሪካ መንግሥት በሕግ አስፈራርቶ አስቀራቸው። እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት ለኢትዮጵያ የምትሟገትበትን ጋዜጣዋን የጀመረችው በሜይ 1936፣ ሌላው ሁሉ ነገሩ አልቋል ብሎ ሲያጥፍ ነው፤ እስከ ነፃነትና ከዚያም በኋላ አላቋረጠችም።

የጨው መንገድ ጻፈ፦

አንድ ነገር ሳይነሳ እንዳያልፍ። የጣሊያን ሕዝብ ምን ይቃወም እንደነበር ለማወቅ ምን እንዲያውቅ እንደተፈቀደለት መታየት አለበት። ከዲሴምበር 1935 መጨረሻ ጀምሮ ተከዜ ላይ የወደቀው «ሲ 500 ቲ» የሚባል ቦምብ 280 ኪሎ ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ 212 ኪሎ ያህሉ የሰናፍጭ ጋዝ ነው። መሬት ሳይደርስ 250 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ እንዲፈነዳ ተደርጎ ነበር፤ ከላይ ሲበተን እንደ ጠል ወርዶ ሣሩንና ውሃውን ይይዛል። በባዶ እግሩ የሚሄድ ወታደርና እረኛ የሚቃጠለው ከእግሩ ነው። ጣሊያን ይህን የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቫ ፕሮቶኮል ፈርማ አጽድቃ ነበር። ሙሶሊኒ ዲሴምበር 28 ለጦሩ አዛዥ ለባዶሊዮ ማንኛውንም ጋዝ እንዲጠቀም በቴሌግራም ፈቀደ፤ በአደባባይ ግን ካደ። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስትር በመንግሥት ስም ያመነው በ1996 ነው፤ 60 ዓመት ቆይቶ። በ1936 ሚላኖ ያለ ሰው ይህን ቢሰማ ምን ያደርግ ነበር የሚለውን ማንም ሊመልሰው አይችልም፤ እንዳይሰማ የተደረገው ግን ሆን ተብሎ ነው።

ሐረግ ጻፈች፦

የመጨረሻ ጥያቄዬ ወደ መጀመሪያው ጦርነት ይመልሰናል። የውጫሌው አንቀጽ 17 የአስተርጓሚ ስህተት ነው የሚሉ አሉ። በቀን ማስተያየቱ መንገድ ይህስ ይፈተናል?

መዝገብ ቤት ጻፈ፦

ይፈተናል። ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ ሜይ 2 ቀን 1889 ነው። የአማርኛው ዐፄ ምኒልክ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል፤ የጣሊያንኛው በጣሊያን በኩል ለመላላክ ተስማምተዋል ይላል። ስህተት ከሆነ የተሳሳተ ሰው ሲነገረው ያርማል። አሁን የተከተለውን እዩ። ኦክቶበር 1 ቀን ደጃዝማች መኮንን ጣሊያን አገር ሆነው ተጨማሪ ውል ፈረሙ፤ በውስጡ የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር አለ፣ መያዣው የሐረር ጉምሩክ ነው፣ ካልተከፈለ ሐረር ትተላለፋለች። በአሥረኛው ቀን፣ ኦክቶበር 11፣ ክሪስፒ አንቀጽ 17ን ጠቅሶ ኢትዮጵያ በጣሊያን ጥበቃ ሥር መሆኗን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀ። መኮንን ገና ወደ አገራቸው አልገቡም። ዐፄ ምኒልክ ነገሩን ያወቁት ራሳቸው ለነገሥታቱ በጻፉት ደብዳቤ ላይ በጣሊያን በኩል ላኩ የሚል መልስ ሲመጣባቸው ነው። በሴፕቴምበር 1890 ለንጉሥ ኡምቤርቶ ጽፈው የአማርኛው ቃል ምን እንደሚል በግልጽ አሳወቁ፤ የጣሊያኑ መልእክተኛ አንቶኔሊ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ተከራከረ እንጂ አላረመም። ዐፄ ምኒልክ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ጠበቁ፤ በፌብሩዋሪ 1893 ውሉን ማፍረሳቸውን አስታወቁ፣ የሐረር ጉምሩክ ተይዞበት የነበረውን ብድርም መልሰው ከፈሉ።